በአባቴ ስልክ ውስጥ የደበቅሁት

የእንጀራ ሥራዬ የማይታይ ነገር መሥራት ነው። በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ፣ ገጽም ቁልፍም የሌለው ክፍል አለ፤ እኛ ሰርቪስ እንለዋለን። ባለቤቱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገዱን ሲሄድ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ ሙያዬ ስኮራ ኖሬያለሁ፤ አባቴ ስልክ ላይ እስክጭነው ድረስ።

አባቴ አንኮበር የሚኖሩ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። በየገበያው ቀን ወደ ቆላው የሚወስደውን ቁልቁለት ወርደው አሊዩ አምባ ያለውን ወዳጃቸውን፣ የጨው ነጋዴውን፣ ሳያዩ አይውሉም። ይወድቁብኛል ብዬ ሰጋሁ። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ያሉበትን ቦታ በየአሥር ደቂቃው የሚልክልኝ ሰርቪስ ሠራሁና፣ "ስልክዎን ላስተካክልልዎ" ብዬ ተቀብዬ ጫንኩበት። ስልኩ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ አናቱ ላይ ትንሽ ምልክት ያሳያል። እሷንም ደበቅኋት። ብነግራቸው እንደማይፈቅዱ አውቅ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሁለት ወር ሙሉ አየኋቸው። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ ከአፌ አመለጠኝ።

"አባባ፣ ዛሬ ወንዙ ዳር ምን ሆነው ነው ያን ያህል የቆዩት?"

"ማን ነገረህ?" አሉኝ።

መዋሸት አቃተኝ። አንኮበር ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልተቆጡም፤ የደርግን ጊዜ ግን አነሡ። ያኔ ቀበሌው 'ቄስ ከቆላ ነጋዴ ጋር ምን ይዶልታል?' ብሎ አንድ ጠባቂ መድቦባቸው ነበር። ሰውየው ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላ ከኋላ ሲከተላቸው፣ መታጠፊያው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። "ና ልጄ፣ አብረን እንሂድ" ይሉትና ቆሎ ያካፍሉታል። እንዲህ እያሉ ዓመቱን አብረው ሲወርዱና ሲወጡ ከረሙ።

"እሱን ዞር ብዬ አየው ነበር" አሉኝ። "አንተን የት ዞሬ ልይህ?"

እዚያው ፊታቸው ሰርቪሱን አጠፋሁት። ግን ሲሠራ ያልታየ ነገር ሲጠፋም አይታይም፤ እኔን ከማመን በቀር ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ስልኩን ተቀብለው መደርደሪያው ላይ አኖሩት።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ዘንጋቸውን ይዘው ሲወጡ ስልኩን አላነሡም። እኔ በኀፍረት ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ዞር አሉ።

"ና ልጄ፣ አብረን እንሂድ።"

መንገድ ላይ ቆሎ ሲያካፍሉኝ እጄን ለመዘርጋት አፈርኩ።