የክበቡ ሦስተኛ ሕግ

አክስቴ እኛ ቤት የመጣችው ለሦስት ወር ነበር። እኔና መንታ ወንድሜ ተወልደን እናቴን መቆሚያ መቀመጫ ባሳጣናት ጊዜ፣ "እስክትጠነክሪ ብቻ" ብላ አንድ ቡናማ ሻንጣ አንጠልጥላ ገባች። እናቴ ጠነከረች። እኛም ዳዴ አልን፣ አፍ ፈታን፣ የወተት ጥርሳችንን ነቀልን፣ አምስተኛ ክፍል ገባን። አክስቴ ግን እዚያው ናት። "ልሄድ ነው" ልትል አፏን ስትከፍት እናቴ ቀደም ብላ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" ትላታለች። ለሰሚው ምስጋና ነው። እኔ ግን ዛሬ የራሴን ልጆች አሳድጌ ሳስበው፣ የብረት በርም እንደዚያ አይቆለፍም።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ቤት መውጣት ቀላል ነው።

ሻንጣውም እንደ ባለቤቱ ቀረ። ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ የእኔና የወንድሜ የሕፃንነት ልብስ ማስቀመጫ ሆነ። እናቴ "ለማስታወሻ ነው" ትላለች እንጂ አንድም ቀን አውርዳ አይታው አታውቅም።

አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እኔና አክስቴ የምንተኛበት ክፍል ሁለት አልጋና ቁም ሳጥኑን ከያዘ በኋላ የቀረው ቦታ ለድመትም አይበቃም። ወደ መንገድ የሚያሳይ አንድ መስኮት አለው፤ እሱንም አባቴ "ንፋስ ያስገባል" ብሎ በሚስማር መትቶታል። አክስቴ በአልጋዬና በቁም ሳጥኑ መካከል አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ሰክታ ሥራ ትሠራ ነበር። ወንበሯ ከአልጋዬ ጋር ይጋጠማል። ልትነሳ ስትፈልግ እኔ እግሬን መሰብሰብ አለብኝ፤ ካልሰበሰብኩ መነሻ የላትም።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ በቅጡ የገባው ሰው አልነበረም። ድሮ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። በኋላ አንድ ድርጅት ከሰው ጋር መግባባት ለሚቸግራቸው ትንንሽ ልጆች የኢንተርኔት ጨዋታ ክበብ ሲከፍት ቀጠራት። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሰባት ልጆች ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፣ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ሆነው፣ አንድ ጨዋታ ውስጥ ይገናኛሉ። ጨዋታው ድንጋይና እንጨት እየቆፈሩ ቤት መሥራት ነው። ማሸነፍ የለም፣ መሸነፍም የለም። የሚማሩት ተራ መጠበቅ፣ መለመን፣ ማካፈል፣ ተናዶም የሰው ነገር አለመስበር ነው። አባቴ "ደመወዝ እየተበላበት የሚጫወቱት ጨዋታ ለእኔም ፈልጊልኝ" እያለ ይቀልድባት ነበር። የጆሮ ማዳመጫዋን ወንድሜ ተቀምጦበት ከሰበረው ወዲህ የልጆቹ ድምፅ በስፒከር ስለሚመጣ፣ አልጋዬ ላይ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ሁሉንም እሰማለሁ።

የክበቡ ሕግ ሦስት ነው። በእጅ ጽሑፏ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ። ሌላው የሠራውን ሳታስፈቅዱ አታፍርሱ። ሳትሰናበቱና መልስ ሳታገኙ አትውጡ። ሁለቱ ከድርጅቱ የመጡ ናቸው፤ ሦስተኛውን ያወጣችው ራሷ ናት። ልጆቹ ሲከፋቸው ድርግም አድርገው ዘግተው ይጠፉ ስለነበር፣ ሌሎቹ "የት ሄደ?" እያሉ ያለቅሱ ነበርና ነው።

ልጆቹ በስማቸው አይጠሩም፤ እንስሳ ይመርጣሉ። ከሁሉም ሚጢጢ ድምፅ ያላት ልጅ የመረጠችው ዝሆን ነው። ዝሆን ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ የመመዝገቢያው ቅጽ ላይ "እንግዳ ልሂድ ሲል ጫማ ትደብቃለች" ብላ ጽፋለች። አራት ሳምንት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጥግ ይዛ ስትቆፍር ከረመች። በአምስተኛው ሳምንት ጉንዳን የሚባለውን ወሬኛ ልጅ "ድንጋይ ልስጥህ?" አለችው። አክስቴ ያን ቀን እራት ላይ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ተረከችልን። አባቴ ጨው አቀብሉኝ አለ። እናቴ የወንድሜን እጅጌ ሰበሰበች። አክስቴም ጨውን አቀበለች።

እንግዲህ የሆነው የሆነው በዚያ ወቅት ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ሌላ ከተማ መዋዕለ ሕፃናት ከፍታ፣ "ኃላፊ ሁኚልኝ፤ ግቢው ውስጥ የራሱ በር ያለው ክፍል አለ" አለቻት። መልሱን እስከ ዓርብ ትፈልጋለች። የራሱ በር ያለው ክፍል! አክስቴ በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ነገር ኖሯት አያውቅም። መሄድ ፈልጋለች፤ ግን ከሁሉ በፊት ለእናቴ መንገር አለባት፤ እሱ ደግሞ ተራራ ሆነባት።

ማክሰኞ ከክበቡ ሰዓት በፊት ኮምፒውተሯን ከፍታ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመች። "እታለም፣ በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ" አለች። አልጣማትም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው። ፈገግ ብላ ሞከረች፣ ኮስተር ብላ ሞከረች። እኔ አልጋዬ ላይ የተኛሁ መስዬ ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። አክስቴ ያላወቀችው ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ነው። ዝሆን ደግሞ ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ቀድማ ትገባለች።

እኔም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብኝ ዝም አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ ጸጉሬን ማን ሊሠራኝ ነው?

ማክሰኞ እራት ላይ አልነገረቻትም። ረቡዕ ጠዋት "እታለም..." ብላ ስትጀምር፣ እናቴ ቦርሳዋን እየዘጋች "ዓርብ ልጆቹን ጥርስ ሐኪም ጋ ትወስጃቸዋለሽ አይደል? አንቺ ባትኖሪ እኮ..." አለቻት። "እሺ" አለች አክስቴ። እዚያች "እሺ" ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ነበረ።

ሐሙስ መጣ። የዕለቱ ሥራ አብሮ ድልድይ መሥራት ነው። አክስቴ በጨዋታው ውስጥ ቢጫ ኮፍያ ያላት ሴት ናት። ቆማ እያስረዳች ሳለ ዝሆን ድንጋይ እያመጣች ዙሪያዋን ትደረድር ጀመር። አክስቴ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ግንቡ ወገቧ ደረሰ፣ ከኮፍያዋ በለጠ፣ ጣራም ተመታበት፤ ስክሪኑ ጨለመ።

"ዝሆን፣ ቆንጆ ክፍል ነው። በሩ የት ነው?"

"በር የለውም።"

"ላፍርሰው?"

"አይሆንም።"

አክስቴ እጇን ማውዙ ላይ አደረገች። የክበቡ ኃላፊ ስለሆነች ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የምታጠፋበት ቁልፍ ነበራት። ግን ሳታስፈቅዱ አታፍርሱ የሚለው ወረቀት ፊት ለፊቷ ነው፤ ሰባት ልጆች እያዳመጡ እንዴት ትሽረው? እጇን አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከኋላ ሆኜ ጀርባዋን አየሁ። በሚስማር የተመታ መስኮት፣ ቁም ሳጥን፣ የእኔ እግር፣ አሁን ደግሞ ስክሪኑም ግንብ ሆነ። አክስቴ እንደዚያ ስታንስብኝ አይቼ አላውቅም።

"አስተማሪያችን ታስራለች! ኑ እዩ!" አለ ጉንዳን። ድልድዩን ጥለው ሁሉም መጡ። "ለምን አሰርሻት?"

"ልትሄድ ነው" አለች ዝሆን። "ሰምቻታለሁ። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ ስትል ነበር። ብዙ ጊዜ አለችው።"

አክስቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ደብተሬ ላይ ተከልኩ።

"እኔ የምሄደው ከክበቡ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "የምኖርበትን ቤት ነው የምለቀው። ማክሰኞና ሐሙስ እዚያም ሆኜ እመጣለሁ። አልጠፋም።"

"እታለም ማናት?"

"ታላቅ እህቴ።"

"ነገርሻት?"

አክስቴ ለልጅ አትዋሽም፤ ችግሯም እሱ ነው። "አልነገርኳትም" አለች።

"ሦስተኛው ሕግ!" ብሎ ጮኸ ጉንዳን፤ ትልቅ ሰው ማጥመድ የመሰለ ደስታ የለም። "ሳይሰናበቱ መውጣት የለም! ሂጂ ንገሪያት!"

"ሂጂ" አለች ዝሆንም። "እኛ እንጠብቅሻለን።"

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። ያን ቀን ግን ከዚያ ቤት ትልልቅ ሰዎች ሁሉ የተሻለ ያቦኩት እነሱ ናቸው።

አክስቴ ወንበሯን ልትገፋ ስትል ከእግሬ ጋር ተጋጨች። "እግርሽን ሰብስቢልኝ፣ የኔ እመቤት" አለችኝ። አልሰበሰብኩም። እኔም እንደ ዝሆን ሰምቼ ነበር፤ እኔም እንዳትሄድ ፈልጌ ነበር። ዝሆን ድንጋይ ነበራት፣ እኔ እግር ነበረኝ። አክስቴ አልተቆጣችም፣ አልደገመችም፤ እያየችኝ ጠበቀች። እግሬን ሰበሰብኩ። ደብተሩን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ወጥታ ነበር፣ አላየችኝም።

እናቴ ከሥራ ገብታ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

"እታለም፣ በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ። ሥራ አግኝቻለሁ። ማደሪያም አለው።"

ቢላዋው ቆመ። ወዲያው ደግሞ ቀጠለ።

"ሽንኩርት አልቋል" አለች እናቴ። "ነገ አስታውሺኝ።"

"ሰማሽኝ?"

"ሰምቼሻለሁ። ልጆቹን እጃችሁን ታጠቡ በያቸው።"

አክስቴ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጆቹ አንድም ሳይጎድል ግንቡ ጋ ቆመዋል። "ምን አለችሽ?"

"ሽንኩርት አልቋል አለችኝ።"

ጉንዳን በሳቅ ፈነዳ። ዝሆን ግን አልሳቀችም። "ይሄማ መልስ አይደለም" አለች።

"አይደለም።"

"እንግዲያው መሄድ አትችይም። መልስ ሳታገኙ አትውጡ ብለሻል። አንቺ ነሽ ያልሽው።"

አክስቴ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ አየችው። የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው። ያስተማረችው ነገር እንደዚያ ከልጅ አፍ ወጥቶ ሲመጣባት ምን እንደተሰማት አልነገረችኝም፤ ጆሮዋ ግን እስከ ጫፉ ሲቀላ አይቻለሁ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ ከሦስተኛው ሕግ "መልስ ሳታገኙ" የሚለውን ሠረዘችው። ከላይ በትንሹ ጨመረችበት።

"ልጆች፣ ስሙኝማ። እኔ ተሳስቻለሁ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ተሰናበቱ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ሂዱ።"

"ያልመለሰው ሰውስ?" አለች ዝሆን።

"እሱ ሲሆንለት ይመልሳል። የኛ ድርሻ መንገር ነው። ፈቃድ ሌላ ነው።"

ስልኳን አንስታ ለድሮ ባልደረባዋ አንዲት ቃል ጻፈችና ላከች። ትከሻዋ ላይ አየሁት፤ "እመጣለሁ" ይላል። ዝሆን ይህን ሁሉ ስታስብበት ቆይታ ከግንቡ አንድ ድንጋይ አነሳች። አንድ ብቻ።

"ሌላውን በወሩ መጨረሻ" አለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት እናቴ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ይሆናል። ይልቅ ለሚቀጥለው ወር፣ ለሚቀጥለው ክረምት ለአክስቴ ሥራ ታወጣላት ነበር፤ "መጋረጃውን አብረን እናጥበዋለን" ትላለች። አክስቴ "እታለም፣ አልኖርም" ትላለች። "እሺ ደግሞ" ትላለች እናቴ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። እኔም መተኛት እስኪያቅተኝ ድረስ ጨነቀኝ። የተናገረን ሰው እንዳልተናገረ የሚያደርግ ቤት ውስጥ አየሩ ራሱ ያንቃል።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። አክስቴ ሻንጣውን አወረደችና ልብሳችንን በሙሉ አልጋዬ ላይ ገለበጠችው። ሁለት ሁለት የሆኑ ካልሲዎች፣ ሁለት ሁለት የሆኑ ኮፍያዎች። የእሷ ልብስ ሻንጣውን ግማሽ እንኳን አልሞላውም።

የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ "ደህና ሁኚ፣ እታለም" አለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ትከትፋለች። አክስቴ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እኔ ጋ መጣች። "ደህና ሁኚ፣ የኔ እመቤት።" ሕጉ መለወጡን ከማንም በላይ የማውቅ እኔ፣ ካልመለስኩላት የማትሄድ መስሎኝ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ጠበቀችኝ። ግንባሬን ሳመችኝ። ሄደች።

ሻንጣው ደረጃውን ድው ድው እያደረገ ሲወርድ ይሰማል፤ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። የታችኛው የብረት በር ሲዘጋ እናቴ ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች።

"ሄደች?"

"ሄደች።"

"ምን ብለሽ ሸኘሻት?"

"ምንም አላልኳትም።"

"እኔም" አለች እናቴ።

ተያየን። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጥን፤ አክስቴ ጠረጴዛዋን ጠዋት ወደ ሳሎን ስላወጣችው እስከ መስኮቱ የሚያግድ ነገር አልነበረም። አክስቴ ከታች ሻንጣዋን እየጎተተች መንገዱን ስትሻገር ትታያለች። እናቴ መስታወቱን በመዳፏ መታችው፣ ስሟን ጠራች፣ ደግማ ጠራች። ከአራተኛ ፎቅ፣ ከተዘጋ መስኮት ማን ይሰማል? አክስቴ ዞር አላለችም።

እናቴ በቢላዋው ጫፍ ሚስማሩን መንቀል ጀመረች።