ደብሪቱ ያለፈችው ምርመራ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ማንም እንዳያጽናናኝ!

እኔ ነጂባ፣ አረብ አገር፣ አል ሰድ የሚባል ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ፅዳት ነኝ። እትዬ ደብሪቱ እዚያው ከተማ፣ አል ዋዓብ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሁለታችንም የደሴ ልጆች ነን፤ አርብ አርብ እየተገናኘን ስድስት ዓመት ዘለቅን።

ቀኝ ጆሮዋ መግል ይዞ ነበር። የአሠሪዋ የማዳም እናት በሁለቱም ጆሯቸው መስሚያ ያደርጋሉ፤ ባትሪውን የምትቀይርላቸው ደብሪቱ ናት። የራሷን ጆሮ ግን በጥጥ ወትፋ ትውላለች።

"ኧረ አሳክሙኝ በያቸው!" ስላት፣

"ዝም በይ ነጁ! አለመስማቴን ካወቁ ኸላስ፣ አበቃልኝ፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን አያድሱም። ፍቅርን ማን ያስተምርልኛል?" ትለኛለች። ፍቅር አገር ቤት የቀረች ልጇ ናት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል።

ማዳም ተጣርታ ተጣርታ ሲሰለቻት፣ "ያላ፣ ትመርመር" አለች። ቀጠሮው እኛ ክሊኒክ ሆነ። የምርመራውን ክፍል መስታወት በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ አሠራሩን አውቀዋለሁ።

"እትዬ፣ ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ ይሉሻል" አልኳት። "አንቺ የምትመረምርሽን ባለሙያ እጅ በመስታወቱ አሻግረሽ እዪ። ጣቷ ማሽኑን ሲነካ ተጫኚ። እንዳይነቃብሽ አንዳንዱን ዝለይው።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው!

ጠዋት ጥጡን አውጥታ፣ ጆሮዋን አጥባ መጣች። አለፈች። የማዳም እናት ሲመጡ ሐኪሙ ራሱ ነው ወንበር የሚስበው፤ የደብሪቱን ጆሮ ግን ገልጦ ያየ የለም። ባለሙያዋ እንኳ ያወራችው ከማዳም ጋር ብቻ ነው፤ ወረቀቱንም ለእሷ ሰጠቻት። ደብሪቱ ኮሪደር ላይ ስትጠቅሰኝ፣ በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ማዳም ጠርታት ደብሪቱ ሳትሰማ ስትቀር፣ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ዘረጋችው፦ "ይኸው፣ ትሰሚያለሽ! ንቀሽኝ ነው እንጂ!"

ምን ትበል? አልሰማም ብትል ቀጣፊ፣ እሰማለሁ ብትል ባለጌ። በሳምንቱ ወደ አገሯ ተሸኘች።

አላስችል ሲለኝ ባለሙያዋን ጠየቅኳት፦ "ሠራተኛ ምርመራውን ብትወድቅ ምን ታደርጓታላችሁ?"

"ምን እናደርጋታለን? ለሐኪም እናስተላልፋታለን፣ ትታከማለች" አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ወይኔ ነጂባ! መወልወያዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ባለፈው አርብ እውነቱን ልነግራት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ፍቅር ናት። የእናቷ ቀኝ ጆሮ ጨርሶ መስማት አቁሟል፤ ግራውም ስለደከመ በስልክ ማውራት ትታለች። የደሴው ሐኪም፣ "ቀደም ብለሽ ብትመጪ ይድን ነበር" ብሏታል።

"እማዬ ግን ሁሌ ትመርቅሻለች" አለችኝ ልጅቷ። "'ነጁ ባትኖር ያን ምርመራ እወድቅ ነበር' ትላለች። አጠገቤ ናት፤ ምን ልበልልሽ?"

እውነቱ በልጇ አፍ እንዴት ይነገራል?

"ሰላም በያት" አልኩና ዘጋሁት።