አማቼን የላኩብኝ ጊዜ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። እኔ የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር ነው። የሆቴሉም የሆስፒታሉም አንሶላ በጭነት መኪና ይመጣልናል፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ይመለሳል። መተኮሻችን አሮጌ ስለሆነ ተኩሶ ይሰጠናል እንጂ አያጥፍም። ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይዘን እንዘረጋዋለን፣ ከዚያ ወደ መሀል ተራምደን ጫፍ ለጫፍ እናገናኘዋለን። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ነን። መተኮሻው ስለሚጮህ ከሁለታችን በቀር የሚሰማ የለም።

ቫዓድ፣ ማለት የሠራተኞች ኮሚቴ፣ እናቋቁም ብለን የተማከርነው እዚያ ነው። ፈረቃችን የሚነገረን በዋዜማው በስልክ ነበር፤ ልጅ ያላት እናት በዋዜማው ነግረዋት ልጇን ለማን ትተዋለች? ይህ አንገፈገፈኝ። ከአንድ የሠራተኛ ማህበር የመጣች ልጅ፣ ከሠራተኛው ሲሶው ከፈረመ አሠሪው ሊያነጋግራችሁ ይገደዳል አለችን። እኔም በየቀኑ አብራኝ የምታጥፈውን እየለወጥሁ ወሬውን አደረስሁ። አንዷ አንሶላ እስክትታጠፍ «ፈረቃሽን ስንት ጊዜ ቀየሩብሽ?» እላለሁ፤ በሚቀጥለው ጥያቄዬን ትመልስልኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፉ ስር እንቀመጣለን። ለሚያየን ሽርሽር ነው። ሰንበት ስለሆነ ግን እስክሪብቶ የነካ አልነበረም፤ ወሬው ቅዳሜ ያልቅና ፊርማው እሑድ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይሆናል።

ሜናሄሉ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ጅል ሰው አይደለም። መጀመሪያ ኬክ አመጣልን። ለበዓል እንኳ ከብስኩት አልፎ የማያውቅ ሰው! ቀጥሎ ሰብስቦ እኛ እኮ አንድ ሚሽፓሃ፣ አንድ ቤተሰብ ነን፣ በመካከላችን ባዕድ ምን ይሠራል አለን። ቤተሰብ ከሆንን ሽንት ቤት ስንሄድ ለምን ሰዓት ይያዝብናል ብዬ ጠየቅሁት። ምላሴ አያርፍም፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ማጠቢያው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሁለት ሴቶች ፈርተው ፊርማቸውን መልሺልን አሉኝ። በመጨረሻ ነገሩ የሚሄደው በአንሶላው መሆኑን ደረሰበትና እኔን ቆሻሻው ልብስ የሚለይበት ክፍል ለብቻዬ ከተተኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ለሺሙዓ ተጠራሁ። ሺሙዓ ሰውን ከማባረራቸው በፊት «የምትይው ካለ ተናገሪ» የሚሉበት ስብሰባ ነው። ጥፋቴ ሥራ ማወክ ነው ተባለ።

ፈራሁ። ባሌ ወገቡን ታሞ ቤት ከዋለ ቆይቷል፤ እኔ ከተባረርሁ እንጀራችን ተቋረጠ። ከእኔም ይልቅ ደግሞ የፈረሙት ሴቶች እያንዳንዳቸው ነገ እኔ ነኝ ብለው እንደሚበተኑ አውቄዋለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ማታ ባሌ አቀርቅሮ፣ አለቆችሽ አባቴን ጠርተዋቸዋል አለኝ። አንዱ ጆሮ ጠቢ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሰሙት ሽማግሌ ነው ብሎ ለሜናሄሉ ነግሮት ኖሯል። እሱም የሚኖሩበት ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ድረስ መኪና ልኮ ነገ መጥተው እንዲመክሩን ለምኗቸዋል። እሳቸውም እሺ ብለዋል።

አማቼ በሱዳን በኩል ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከእኛ ሴቶች ግማሾቹን ከባሎቻቸው ጋር ያስታረቁ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ምራት ነኝ። በወጋችን ምራት ለአማቷ መልስ አትሰጥም፤ ካገባሁ ጀምሮ እሳቸውን እምቢ ብዬ አላውቅም። ሰው ፊት «ተይ» ካሉኝ አበቃ፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን የሁሉም። ባሌ ሄጄ ልለምናቸው ሲል፣ ሽማግሌን ቀድሞ የሚያነጋግር እውነት የሌለው ነውና ብትሄድ እዚያው እደር አልሁት። እልኬ ነው እንጂ ሆዴስ ሂድ ይለው ነበር።

በማግስቱ ማጠቢያና መተኮሻውን አስቁመው የሠራተኛው ምግብ ቤት ውስጥ ሰበሰቡን። አማቼ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልን። ትልቁን ወንበር ሰጧቸው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏቸው ነበር። የምታስተረጉመው የፈረቃ አለቃችን ናት፤ እዚሁ የተወለደች የእኛው ልጅ። ሜናሄሉ፣ እኚህ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ የሚሉትን ሁሉ ስሙ ብሎ ጀመረና ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሰላም፣ ስለሚበጠብጡት ሰዎች ብዙ ተናገረ። አማቼ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። በነቀነቁ ቁጥር እኔ የሚቀሩልኝን ፊርማዎች እቆጥራለሁ።

ሲጨርስ በዕድሜ ወደምትበልጠን ሴት ዞሩና፣ አንቺስ ምን ጎደለብሽ አሏት። አፏን ሳትከፍት ሜናሄሉ፣ እሷ ምንም አልጎደለባትም፣ ከእኛ ጋር ስትኖር ስንት ዘመኗ ነው አለ። አማቼ አጠገቧ ወዳለችው ዞሩ። አሁንም እሱ ቀደማት፤ እሷ ጎበዝ ናት፣ ሰው አሳስቷት ነው አለ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«አንቺስ ልጄ?» አሉኝ።

«ከእሷ ጋር በሺሙዓው እንነጋገራለን» አለ ሜናሄሉ።

አማቼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሳያስታርቁ እንደማይነሱ የምናውቀው በዚህ ነው።

«ሽማግሌ የጠራኸው አንተ ነህ» አሉት። «ሽማግሌ ከጠራህ ነገሩ ከእጅህ ወጥቷል። እኔ ሁለቱን ወገን ሳልሰማ አልነሣም፤ እስኪያልቅ ድረስም ማንም ማንንም አይነካም። ይኸውልህ፣ ዋስ ጥራ።»

የፈረቃ አለቃችን አስተረጎመችለት። ዋስ ማለት ሽማግሌው ለሚለው እገዛለሁ ብሎ ለባለ ነገሩ የሚቆምለት ሰው ነው ብላ ጨመረች። ሜናሄሉ ሳቀ፤ የሚያጅበው ፈልጎ ዞር ዞር አለ። የሳቀ አልነበረም። አሁን «የሚሉትን ሁሉ ስሙ» ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ምን ብሎ ይመልሰው? «ቤሴደር፣ ቤሴደር»፣ እሺ እሺ አለና ለመገላገል ያህል ዋሴ እሷ ናት ብሎ አስተርጓሚዋን በጣቱ አሳየ። ዋስነቷን ሴቶቹ ሁሉ፣ እናቷን የሚያውቁት ሁሉ፣ አይተዋል።

ከዚያ አማቼ እሱን ውጣ አሉት፤ የእሱን ሰምተዋላ። ወጣ! ሴቶቹ አንድ በአንድ ተናገሩ። በቤቷ እንኳ ድምጿ የማይሰማ ሴት ያን ቀን ጮኻ ተናገረች። የሚታጠፈው አንሶላ ተቆልሎ፣ ጭነት መኪናው ውጪ ጡሩንባውን እየነፋ፣ እኛ እንናገራለን። ሲያበቃ መልሰው አስጠሩትና ፈረዱ። የሚናገርላቸውን ሰው እነሱ ራሳቸው ይምረጡ፣ አንተ ደግሞ ስትሰማ ዝም በል አሉት። ከዚህ ሌላ ቫዓድ ምንድን ነው?

የሚያመነቱት ሁሉ ሲወጡ በሩ ላይ ፈረሙ፤ ሲሶውን አለፍን። ሺሙዓው እንዲሰረዝ ለሜናሄሉ የነገረችው ያቺው የፈረቃ አለቃ ናት፤ ዋስ ነኝ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ አለችው አሉ። ይሁን፣ የማህበሩ ጠበቃም ደብዳቤ ጽፎበታል፤ የትኛው እንደሠራ አላውቅም። እኔ ግን ወደ አንሶላዬ ተመለስሁ፤ ፈረቃችንም ሳምንት ቀድሞ ይለጠፋል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያን ቀን አማቼ በድርጅቱ መኪና አልመለስም አሉና በአውቶቡስ ወሰድኋቸው። ፌርማታው ላይ ተቀምጠን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ሲመጡ ምን ሊሉን አስበው ነበር?»

«አልዋሽሽም ልጄ። ላስተውሽ ነበር። እንጀራሽ እንዳይቀር ፈርቼ።»

«ታዲያ ምን መለሰዎት?»

«ሦስቴ እናንተን ጠየቅሁ፣ ሦስቴ እሱ መለሰ» አሉ። «ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማም።»

«ዝም ብሎስ ቢሆን?»

«ያን ጊዜማ» አሉ አውቶቡሱ የሚመጣበትን እያዩ፣ «ፊርማውን ሁሉ አስቀድድሽ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። አማቼ ፊት እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ እሳቸውም ነውር ነው አላሉኝም።