በደብተሬ ኅዳግ ላይ የነበሩ ሦስት ፊደላት

የክፍሉ ሽታ ከበሩ ቀድሞ ተቀበለኝ፤ በረኪናና ያልታጠበ ካልሲ። የአዳማ ሙቀት እዚያ ውስጥ መውጫ አጥቶ ግድግዳው ያልበዋል። አሥራ አራት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከጥግ አንድ አዛውንት ቀና ብለው አዩኝና «አንተንም አመጡህ?» አሉ።

ሞጆ፣ የከባድ መኪኖች መቆሚያ ላይ፣ ስለ መንገድ ያወጉኝ ሾፌር ናቸው። እዚህ ያመጣቸው የእኔ ደብተር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ግጥም የምጽፍበት ደብተር አልነበረም። ከስልክ ላይ ራሴን ያስተማርኩት ሥራ ነው፤ መንገዶችን ለኮምፒውተር ማስረዳት። ካርታ መሳል አይደለም። መንገድ ምን እንደሆነ፣ ድልድይ ምን እንደሆነ፣ የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ ትነግረዋለህ፤ ከዚያ ደንብ ትሰጠዋለህ። «የአንድ ከተማ መግቢያ አንድ ድልድይ ብቻ ከሆነና ድልድዩ ከተዘጋ፣ ከተማው ተቆርጧል።» የትኛው ከተማ እንደተቆረጠ ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ይደርስበታል። አምቡላንስ በየት መዞር እንዳለበት እንዲያውቅ ነበር የፈለግኩት። መረጃውን የማገኘው ከሾፌሮች ነው። እያንዳንዱን ነገር ማን እንደነገረኝ ኅዳጉ ላይ አሰፍራለሁ፤ በዚህ ሥራ ማን እንዳለው ያልታወቀ ነገር አይታመንም። ለሦስት ሾፌሮች የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ብቻ ጻፍኩ። ለአዛውንቱ ግን ስልካቸውንም።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ነበር። ደብተሩን ገልጦ ደንቧን ጮክ ብሎ አነበበ።

«ማነው የሚዘጋው?»

«ማንም። ‹ከተዘጋ› ነው የሚለው።»

«ያልተዘጋ ድልድይ ምን አሳሰበህ?»

አምቡላንስ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ጣቱን ኅዳጉ ላይ አሳረፈ። «ሰ፣ በ፣ ገ። ነገ ጠዋት የሦስቱን ስም ጻፍልኝ፤ ሽማግሌው ከሰዓት ቤቱ ይገባል።»

ተመልሼ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ሰሙኝ።

«ሦስት ሰጥተህ አንድ? ያውም አሮጌ? ምን ዓይነት ነጋዴ ነህ አንተ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስኳር አለብዎት። መድኃኒትዎ...»

«እሱን ለኔ ተወው። የገ ሚስት በቀደም ወልዳለች።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ደግሞ የነገሌው ፒስታ መንገድ ክረምት ተሳቢ ያስገባል ብለህ ጽፈሃል፤ መርማሪው አነበበልኝ። ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ሰ ነው።»

«ውሸታም! እዚያ ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን ያደረው እሱ ራሱ ነው። አርመው!»

አጠገባችን የተጋደመው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ቀረበልኝ። የራሴን ስም ሦስት ጊዜ ጻፍኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሁሉንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

አልመታኝም። ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተውና «ይሁን» አለ።

ከሰዓት አዛውንቱ ተጠሩ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፤ ክር የሌለው ጫማቸውን እየጎተቱ በየተራ ጨበጡን። በሩ ላይ ዞር ብለው «ነጋቲ» ሲሉ በኦሮምኛ ተሰናበቱን። ወደ ቤታቸው እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀን ነበር።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ሞጆ ነው። ሦስቱ ሾፌሮች ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ሁለቱ ብርጭቋቸውን ትተው ተነሱ። ገ ብቻ ቀረ። የአዛውንቱ ወሬ ተሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አንተ አይደለህ እንዴ የምታውቀው?» አለኝ።

ስለ ወረቀቱ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ብነግረው፣ ሽማግሌው በእሱ ፋንታ እንደቀሩ መንገሬ ነው።

አሁንም ሳስበው አልቀየመውም። በእጁ ያለው ይኸው ነው፦ አዛውንቱ ገቡ፤ እኔም ገባሁ፤ እኔ ብቻ ወጣሁ። ከዚህ ተነስቶ «ሸጧቸው ወጣ» ብሎ እሱ የደረሰበት ላይ እኔም እደርስ ነበር።