ሴራሚኩ ሳይደርቅ የመጡት ሽማግሌዎች

ደብረ ማርቆስ ያለችው ቤታችን አንዲት ክፍል ናት። ቀን ሳሎን፣ ማታ መኝታ ትሆናለች። አልጋውን በየቀኑ ስንገፋ የአፈሩ ወለል እየተቦረቦረ ስላስቸገረን ሴራሚክ ላነጥፍ ቆረጥሁ። አዲስ አልገዛሁም፤ ሰዎች ቤት ሠርተው የጣሉትን ትርፍራፊ ለቃቅሜ አጠራቅሜ ነበር። ነጭ አለ፣ ቡኒ አለ፣ አበባ ያለበትም አለ። የሚያገለግል ነገር መጣል ጥጋብ ነው። ይህን ልጆቼን ዘወትር እመክራቸዋለሁ፤ እነሱም ዘወትር እያዛጉ ይሰሙኛል።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ሠራተኞች ሲያነጥፉ ቆሜ አይቻለሁ፤ የቀረውን በራሴ ደረስሁበት። ባለቤቴ፣ ልጃችን የወደደችው ሰው ሐሙስ ሽማግሌ እንደሚልክ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ዓይኔም ልቤም ውሃ ልኩ ላይ ስለነበር «ሐሙስ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰማሁ። ወለሉ ለሐሙስ ይድረስ ማለቷ መሰለኝ።

እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው ብዬ ሥራውን ከበሩ ጀመርሁ። ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻውን ረድፍ ስጨርስ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተንበርክኬያለሁ። በእኔና በበሩ መካከል ያለው ሁሉ እርጥብ ነው።

«ቤቶች!» አለ አንድ ድምፅ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

«እንዳትገቡ!» ብዬ ጮኽሁ።

ትልቁ ክው አሉ። «የመጣንበትን ሳይሰሙ?»

«ምንም ይሁን፣ ዛሬ አይሆንም! ነገም አይሆንም!»

«ቆመን እንኳ ብንለምን?»

«መቆሙ ነው እኮ የሚያበላሸው!»

ተያይተው ዞሩ። ይኼኔ ባለቤቴ ልጃችንን አስከትላ ከማድቤት ወጣች። «አንተ ሰውዬ! የልጅህን ሽማግሌዎች ከበር ትመልሳለህ?»

ከበር የተመለሰ ሽማግሌ ዳግመኛ አይመጣም። ልጄ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታየኛለች። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ ልጄን ያየሁት ቀጥዬ ነው።

ተነሥቼ በሴራሚኩ ላይ ቀጥ ብዬ ሄድሁ። በረገጥሁ ቁጥር አንዱ ይሰምጣል። ሽማግሌዎቹን ከአጥሩ በር ላይ ደረስሁባቸው። «እምቢ አላልሁም! ወለሉ ስላልደረቀ ነው!»

ትልቁ ሲሚንቶ የለበሰ እግሬን አዩና «እርስዎ ከረገጡትማ እኛም እንረግጠዋለን» አሉ። ሦስቱም የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ዱካዬን እየተከተሉ ገቡ።

እንደ ደንቡ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። እኔም እንደ ደንቡ «ዘመድ ላማክር» ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ላመላልሳቸው ይገባ ነበር። ስለ ትዳርም ረጅም ምክር ነበረኝ። ነገር ግን ትልቁ ስለ ልጁ ጨዋነት በተናገሩ ቁጥር እግራቸው ሥር ያለው ባለ አበባ ሴራሚክ ወደ ታች ይወርዳል። ዘሩን ቆጥረው እስከ አያቱ ሳይደርሱ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሰጥቻለሁ!» አልሁ። «ሰጥቻለሁ፤ በመጣችሁበት ቀስ ብላችሁ ውጡ!»

ከደጅ እልልታ ተሰማ። ባለቤቴ መስላኝ ነበር፤ ልጄ ናት። ሴት ልጅ ለራሷ እልል አትልም ብዬ ልቆጣት አፌን ከፈትሁና ተውኋት።