ወይራው ሥር ቀድመውን የተቀመጡት ሰዎች

ያለፈው እሁድ ጠዋት እማዬ «ተነሺ፣ ዛሬ ሽርሽር እንሄዳለን» አለችኝ። ሽርሽር! እማዬ! ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የትም የማትሄድ፣ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ካየች «ሥራ የላቸውም እንዴ?» የምትል እናቴ...

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው ደሃና ወረዳ ስለሆነ ሰቆጣ የምመጣው አልፎ አልፎ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ናት። ስለዚህ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀሚሷን አየሁት። ለጥምቀት ካልሆነ ከሳጥን የማይወጣው ቀሚስ ነው። ፀጉሯም ተሠርቷል። እኔንም ከላይ እስከ ታች አየችና «ያን ሱሪ አውልቂና ደህና ልብስ ልበሺ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልቤ ጠረጠረ።

አጎቴ አያ ሞላ ትልቅ አገልግል ተሸክመው መጡ። «ለሦስት ሰው ይሄ ሁሉ?» ስላቸው «ነፋሱ ያስርባል» አሉኝ። ከዚያ ከእማዬ ጋር በኽምጣኛ ማንሾካሾክ ጀመሩ። እኔ ኽምጣኛ የምሰማው ለሰላምታ ያህል ነው። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ምስጢር ሲኖራቸው ወደዚያ ይሻገራሉ። መንገዱን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው... ስመኝ። የኔ ስም!

የሄድነው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጥብቅ ተራራ ነው። ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ ሳሩም ዛፉም ስላገገመ፣ አሁን እሁድ እሁድ ቤተሰብ ይዝናናበታል። በር ላይ ያሉት ጥበቃ አጎቴን ሲያዩ «ግቡ ግቡ፣ እንግዶቻችሁ ቀድመዋችኋል» አሉ። አያ ሞላን ድንገት ሳል ያዛቸው።

«የምን እንግዶች?» አልሁ።

«ከሌላ ሰው ጋር አምታተውን ነው» አለች እማዬ። ግን ፊቴን አላየችም።

አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ጠና ያሉ ሰውዬ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የኔ እኩያ የሚሆን ልጃቸው አለ፣ ጫማው ያበራል። አያ ሞላ «ኧረ! አያ ካሳ! ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው!» ብለው ጮኹ። በሕይወቴ እንዲህ ውሸት የማይችል ሰው አላየሁም።

በቃ ገባኝ። ሊያሳዩኝ ነው ያመጡኝ። ለባለጫማው። ያውም ሳልጠየቅ!

ተቀመጥን፣ አገልግሉ ተፈታ። የሚገርመው ግን አባትም ልጅም የሚያዩት እኔን ሳይሆን እማዬን ነው። ልጁማ «እማማ፣ ጤናዎት እንዴት ነው? ዳገቱ አልከበደዎትም?» እያለ ሐኪም ሆኖ አረፈው። እኔን አንዲት ነገር አልጠየቀኝም። ይሄኔ የባሰ ጠረጠርሁ። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባል የለ? እሷን የሚመረምሩት እኔን ሊመዝኑ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! እንግዲያው እናቲቱን ካበላሸሁባቸው ልጅቱንም ይተዋታል ብዬ ወሰንሁ።

እማዬና አጎቴ ውሃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ ሲወርዱ ጠብቄ ጀመርሁ።

«የእማዬን የዛሬ ዝምታ አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ቁጣዋ አይጣል ነው። አባቴን ስትነዘንዘው ነው የኖረችው። አንዴማ ማማሰያ ወርውራበታለች!»

ማማሰያው ውሸት ነው። ንዝንዙም ውሸት ነው። እማዬ ለአባቴ ክፉ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

አያ ካሳ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «እናትሽን አልሰጥም ማለት መብትሽ ነው። እሷም ብትሆን 'ልጄ ካልወደደቻችሁ አይሆንም' ስላለችን ነው የመጣነው፣ አንቺ እንድታይን። አልፈልግም ብትይን ይበቃ ነበር። ለምን እናትሽን ታሚያታለሽ?»

እናትሽን?... አንቺ እንድታይን?...

ባለጫማው አቀርቅሮ «እኔ እንኳ ባለትዳር ነኝ፣ እህቴ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ከፊቴ ላይ አንብቦት መሰለኝ።

ዞር ስል እማዬ ጀሪካኗን እንደያዘች ከኋላዬ ቆማለች። ሰምታለች።

«ማማሰያ?» አለች። እንግዶቹን እጅ አስታጠበች፣ አገልግሉን ከደነች፣ ተነሣን። የዚያን ቀን የወረድሁት ቁልቁለት ከዳገት ይከብድ ነበር።

ቤት እንደገባን እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እኔን ልትድሪኝ መስሎኝ እኮ ነው!»

«አትጠይቂኝም ነበር?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነዋ» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ ለልጄ ምን ልበል? 'አንቺ ስትሄጂ ማታ ማታ ለአንድ ሰው መሶብ መክፈት ሰለቸኝ' ልበል?»

ያን ጊዜ አለቀስሁ። በአባቴ ቦታ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ማሰብ ይከብደኛል፣ አልዋሽም። እሷ ብቻዋን ስትጎርስ ማሰብ ግን ይብሳል።

አያ ሞላን «እባክዎ ሄደው ያስታርቁን» ብላቸው «እኔ ካሁን ወዲያ በምን ፊቴ? ያበላሸሽው አንቺ፣ የምታቃኚውም አንቺ» አሉኝ።

እናም የፊታችን እሁድ አያ ካሳ ደጅ ሽማግሌ ሆኜ ልሄድ ነው። ሴት ልጅ ለእናቷ ባል ልትለምን ስትሄድ አይቼ አላውቅም፣ ግን ወጉን አውቀዋለሁ... ቁጭ በይ ቢሉኝም፣ እሺ ሳይሉኝ አልቀመጥም።