እናቴን የተጠራጠርኩበት ምርመራ

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስሄድ አንዲት ሐኪም በሬዲዮ ታወራ ነበር። መቅኔው ደም ማምረት ላቆመበት ሰው፣ ደም የሚፈጥሩት ሕዋሳት ከጤነኛ ሰው ተወስደው እንደሚሰጡት አስረዳች። «መጀመሪያ የሚመረመሩት እህትና ወንድም ናቸው» ስትል አላስችል አለኝና «ከገጠሙ ነዋ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«አባባ፣ ሐኪም ነዎት እንዴ?»

«መካኒክ ነኝ። ይህን ግን አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን እስከ ወልድያ ድረስ የዚያን ዘመን ነገር ሳስብ ሄድኩ።

ስለ ራሴ ብናገር ውሸት አይሆንብኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው፤ ንባብ የቀጠልኩት ደግሞ ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ውርጌሳ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሁሉ «ያንን ልጅ ከመርሳ ጥሩልን» ይባልለት ነበር። ሞተር ድምፁን ሰምቼ ሕመሙን እናገራለሁ። ታዲያ የሰው አካል ከሞተር በምን ይለያል ብዬ አምን ነበር።

የታመመው ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ማሽላው አሽቶ፣ መንገደኛው ሁሉ ጥንቅሽ እያኘከ በሚሄድበት ወራት ነበር። እሱም በራችን ላይ ተቀምጦ አገዳውን በጥርሱ ሲልጥ ድዱ ደማ። «የአሮጊት ድድ!» ብዬ አሾፍኩበት። እስከ ማታ ደሙ አልቆመም። በሳምንቱ ክንዱ ላይ ማንም ሳይመታው ሰማያዊ እብጠት ወጣ፤ ፊቱም እንደ ሰም ገረጣ። ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ተላክን። እዚያ ከዳሌው አጥንት መቅኔ ቀድተው መረመሩና ደም መሥራት አቁሟል አሉን።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ ሰው ነበር። የሚገጥም ወንድም ወይም እህት ከተገኘ ውጭ አገር ሄዶ መቅኔ ሊሰጠው እንደሚችል፣ ካልተገኘ ግን ብዙ እንደማይቆይ ነገረኝ። ውጭ የሚኖረው አጎታችን የሕክምናውን ጣጣ እችላለሁ ብሏል። ሐኪሙ ስለ መግጠምና አለመግጠም ሲያብራራ እኔ በየመሐሉ «ይገባኛል ዶክተር፣ ይገባኛል» እያልኩ አስቸኮልኩት። አንዱም አልገባኝም ነበር።

የእኔና የእህታችን የየሺ ደም ተወሰደ፤ እሷ ወደ መርሳ ተመለሰች። እኔ እንደምገጥም አልተጠራጠርኩም፤ ከኋላ የሚያየን ሰው ደሳለኝን በእኔ ስም ነው የሚጠራው። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። የሺ ሙሉ በሙሉ ገጠመች። እኔ አልገጠምኩም።

የሺን ለማምጣት ወደ መርሳ ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ አንድ ሞዴል የሆነ ዕቃ እርስ በርሱ ይገጥማል። ካልገጠመ ፋብሪካው ሌላ ነው። ይህን እያሰብኩ ገባሁና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የእኔ አባት ማን ነው?»

በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። እጇ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ሁለቱ ገጠሙ፤ እኔ ብቻ አልገጠምኩም። ምርመራው ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

በርበሬውን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ ወደ የሺ ዞረች። «አንቺ የትም አትሄጂም። በሬሳዬ ላይ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት አንዲት ጠብታ ደም አይወጣም። ባሌ በሞተ በስንት ዓመቱ እኔን ሴሰኛ ያደረገ ምርመራ ነገ ደግሞ አንቺን ምን ሊልሽ ነው?»

«እማዬ፣ ደሳለኝ ይሞታል!» አለች የሺ።

«ወንድምሽን ጠይቂው፤ እሱ ነው አዋቂው!»

ሁለት ቀን ለመንናት። የሺ እያለቀሰች «ወንድምዓለም፣ አንተ ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ወልድያ ቴሌ ቤት ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። መስመሩ ይንጫጫል። ሐኪሙ በደንብ እንዲሰማኝ መጮህ ነበረብኝ፤ ከኋላዬ ደግሞ የገበያ ቀን ሰው ተሰልፏል።

«ዶክተር፣ ያን ቀን የነገሩኝ አልገባኝም! አልገባኝም ነው የምለው! የአባቴ ልጅ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቀና። ሐኪሙ ግን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ሆነው የማይገጥሙ ብዙ ናቸው። «ይህ ምርመራ ስለ እናትህ ምንም አላለም» አለኝ፤ እኔም «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ስወጣ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አድርገው «እንኳን ደስ ያለህ፣ አባት ተገኘልህ» አሉኝ።

እንዳገራችን ወግ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ፣ የንስሐ አባታችንን አስቀድሜ፣ እናቴ እግር ስር ተደፋሁ። ቄሱ ይለምናሉ፤ እኔ ላቤ ይንጠባጠባል። ካህኑ ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገሯት።

«ድንጋዩን እዚያ ጥግ አድርገው» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ጉልቻዬ ተሰንጥቋል።» ቀጥላም «የሺ፣ ልብስሽን ሸክፊ» አለች።

ደሳለኝ ዳነ። ዛሬ ወልድያ ውስጥ መለዋወጫ ይሸጣል፤ የልጅ ልጅ አይቷል። የደሙ ዓይነት ወደ የሺ ደም ዓይነት ተለውጧል። በደም ሥሩ የሚዞረው ደም የእሷ ነው ይላሉ፤ መልኩና አካሄዱ ግን አሁንም የእኔ። ይህንን ብዙ ጊዜ አስቤበት አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ አልቻልኩም።

ያም ሆኖ ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባኝ እናቴ ናት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። እንግዳ ሲመጣ የሺንና ደሳለኝን በስማቸው ታስተዋውቃለች። እኔ ጋ ስትደርስ «ይኼም የእኔ ነው፤ ሐኪም መስክሮልኛል» ትላለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እኔም እስቃለሁ። እያሾፈች ነበር? ወይስ እስከ መጨረሻው ያመማት ነበር? ብዙ ሞተር ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ ይህን ግን እሷን በሕይወት ሳለች መጠየቅ ነበረብኝ። ሐኪሙ ፊት እንዳደረግኩት፣ እዚህም የገባኝ መስዬ ስስቅ ኖርኩ።